ፈታኙና ተፈታኙ አንድ ሲሆኑ

በአሜሪካ የመኪና ነጋዴዎች ዘንድ የቆየ አባባል አለ። እሁድ ያሸነፈ መኪና ሰኞ ይሸጣል ይላሉ። የመኪና ውድድርና የመኪና ኢንዱስትሪ ከመቶ ዓመት በላይ ተያይዘው የኖሩት በዚህ ስሌት ነው። አምራቹ በውድድር ሜዳ ላይ ያን ሁሉ ገንዘብ የሚያፈሰው ዋንጫ ለመደርደር ብቻ አይደለም። ተመልካቹ ያሸነፈውን መኪና ደጁ ላይ ከቆመው ወይም ሊገዛው ካሰበው መኪና ጋር በሐሳቡ እንዲያዛምደው ነው።

ይህ ጸሐፊ የሕግ መጻሕፍትን ማገላበጥ ከመጀመሩ በፊት የመኪና መጽሔቶችን ያገላብጥ ነበር። ዛሬም ቢሆን ፎርሙላ ዋን ባለበት እሁድ ከቤት የሚያወጣው ለቅሶ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው የውድድር ጠላት አስተያየት አይደለም። ሆኖም የሕግ ትምህርት በሰው ላይ ትቶት የሚያልፍ አንድ ልማድ አለ። እሱም «ማስረጃው ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። አንድ ፋብሪካ ውድድር ማሸነፉ እኔ በገንዘቤ ስለምገዛው መኪና የሚያስረዳው ምንድን ነው? ፈተናውን ያወጣው ማን ነው? ያረመውስ?

ይህ ጥያቄ ለእኛ የትርፍ ጊዜ ወሬ አይደለም። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን በጥር 2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ አንድ ደመወዝተኛ የዓመታት ቁጠባውን አውጥቶ የሚገዛው አዲስ መኪና እሱም ሆነ አባቱ ነድተውት በማያውቁት ቴክኖሎጂ የሚሠራ ሆኗል። ቀድሞ «የጎረቤቴ ኮሮላ 20 ዓመት ሠርታለች» የሚል ምስክር ነበረን። አሁን በአብዛኛው ያለን ምስክር ሻጩ የሚያሳየን ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ማን እንደለካው ለማወቅ፣ ዓለም እስከ ዛሬ መኪናን እንዴት ሲፈትን እንደኖረ ማየት ይጠቅማል።

ሕዝብ የሚሄድበት መንገድ ሲፈትን

ውድድር ለገዢው እውነተኛ ማስረጃ ሆኖ ያገለገለበት ዘመን ነበር። ምሳሌውም ሩቅ አይደለም፤ ጎረቤታችን ኬንያ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲጀመር ለንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት የዘውድ በዓል መታሰቢያ ተብሎ ነበር። ውድድሩ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ በሺሕ የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮችን ያካልል ነበር። መንገዱ ለውድድር ተብሎ የተሠራ ሳይሆን አውቶቡስና ከብት የሚሄድበት የሕዝብ መንገድ ነው። በደረቁ ጊዜ ዓይን የሚጋርድ አቧራ፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጎማ የሚውጥ ጭቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ከተነሡት 84 መኪኖች ውስጥ መጨረሻው ላይ የደረሱት 7 ብቻ ናቸው። በ1968 ደግሞ 93 ተነሥተው አሁንም የደረሱት 7 ናቸው። ሁለቱንም ጊዜ ያሸነፈችው ፔዦ 404 ነበረች።

ፔዦ 404 እንግዲህ ሐኪሙም ነጋዴውም የሚነዳት የቤት መኪና ነች። ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሸነፉት ባገለገለች ቮልቮ ነበር፤ በ1974 እና በ1976 ደግሞ በሚትሱቢሺ ላንሰር ደገሙት። ቶዮታ ከ1984 እስከ 1995 ባሉት ዓመታት ስምንት ጊዜ አሸነፈ። በምሥራቅ አፍሪካ የእነዚህ ፋብሪካዎች ስም የተከበረው በማስታወቂያ ብቻ አልነበረም። የናይሮቢ ሰው በራሱ መንገድ ላይ፣ በዓይኑ ፊት ሲፈተኑ አይቷቸው ነው።

በዚያ ዘመን የነበረው ሳፋሪ ሁለት ነገሮችን አሟልቷል። አንደኛ፣ ፈተናው ከገዢው መንገድ ጋር ይመሳሰል ነበር። ሁለተኛ፣ ፈታኙ ጭቃው ነበር፤ ጭቃ ደግሞ ከማንም ፋብሪካ ጋር አይደራደርም። ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ የቆየው ሳፋሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ሻምፒዮናው ሲመለስ ከዚያ እስከ 2025 ያለውን በየዓመቱ ያሸነፈው ቶዮታ ነው። ይሁን እንጂ አሁን የውድድሩ መንገድ ለሌላ ተሽከርካሪ ዝግ ነው፤ መኪናውም ከመኪና መሸጫው ቤት ጋር የሚያገናኘው ከስሙና ከቅርጹ ብዙም አያልፍም። ትርዒቱ አሁንም ደስ ይላል። ማስረጃነቱ ግን ቀንሷል።

ያልተጠየቀው ጥያቄ

ሁለተኛው ታሪክ የናፍጣ ነው። የጀርመኑ ኦዲ እ.ኤ.አ. በ2006 በፈረንሳይ ለ24 ሰዓት የሚካሄደውን የሌ ማን ውድድር በናፍጣ ሞተር በማሸነፍ የመጀመሪያው ሆነ። ከዚያ ዓመት እስከ 2014 ድረስ ከተካሄዱት 9 ውድድሮች 8ቱን ኦዲ፣ የ2009ኙን ደግሞ ፔዦ አሸነፉ፤ ሁሉም በናፍጣ ነበር። ሞተሩ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ነዳጅ ቆጣቢና ጉልበተኛ መሆኑ በሚሊዮኖች ፊት ታየ። የኦዲ ባለቤት የሆነው የፎልክስቫገን ኩባንያም ለአሜሪካ ገበያ «ንጹሕ ናፍጣ» እያለ የቤት መኪናዎቹን ያስተዋውቅ ነበር።

መስከረም 18 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ምሥጢሩን ይፋ አደረገ። መኪናዎቹ ውስጥ የተጫነው ሶፍትዌር የመሪውን አቀማመጥ፣ ፍጥነቱንና ሌሎች ምልክቶችን እያየ መኪናው በምርመራ ጣቢያ ላይ መሆኑን ይለይ ነበር። በምርመራ ላይ ከሆነ ጭሱን ያጣራል። መንገድ ላይ ከወጣ ግን ማጣሪያውን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ የሚወጣው የናይትሮጅን ኦክሳይድ መጠን በሕግ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር። ሶፍትዌሩ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን በሚያህሉ መኪናዎች ላይ እንደነበረ ኩባንያው ራሱ አመነ። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አመነ። የኦዲ የቀድሞ ሥራ አስኪያጅም በ2023 በጀርመን ፍርድ ቤት በገደብ የእስራት ቅጣት ተወሰነባቸው። ኦዲ በ2016 መጨረሻ ላይ ከሌ ማን ወጣ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የሌ ማኑ ድል ሐሰት አልነበረም። መኪናው በእርግጥ ፈጣን ነበር፤ በእርግጥም 24 ሰዓት ሮጧል። ችግሩ ውድድሩ ስለ ጭስ አልጠየቀም ነበር። በፍርድ ቤት ቋንቋ ብንናገር፣ ምስክሩ እውነቱን ተናግሯል፤ ነገር ግን ጭብጡ ላይ አልተጠየቀም። ገዢው ያልተጠየቀው ጥያቄ እንደተመለሰለት ቆጠረ፤ ሻጩም ይህን እያወቀ ዝም አለ።

ማጭበርበሩን ያጋለጠው ማን እንደሆነ ማየትም ጠቃሚ ነው። መሠረቱን የጣሉት በዌስት ቨርጂንያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ጥቂት ተመራማሪዎች ናቸው። የሠሩት ሥራ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ተንቀሳቃሽ መለኪያ መኪናው ላይ ጭነው እንደማንኛውም ሹፌር በተራ መንገድ ላይ ነዱት። ምርመራውን ከጣቢያ አውጥተው ሕዝብ ወደሚሄድበት መንገድ ወሰዱት። በሌላ አነጋገር የድሮውን ሳፋሪ ሥራ ሠሩ።

ዳኛውና ባለጉዳዩ

ማንም ሰው በራሱ ጉዳይ ዳኛ ሊሆን አይችልም። ይህ የሕግ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚማረው መርህ ነው። የዓለም የመኪና ውድድር አስተዳደር ከዚህ መርህ ጋር ብዙ ጊዜ ሲታገል ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ1904 በፓሪስ የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የውድድሩን ደንብ ያወጣል፣ ያስፈጽማል፣ ይዳኛልም። በአንድ ወቅት ደግሞ ከንግዱ ጥቅም ተካፋይ ነበር። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ሕግ አውጪነትና ነጋዴነት በአንድ እጅ መሆናቸውን ተቃወመ። ጉዳዩ በ2001 በስምምነት ተዘጋ። ፌዴሬሽኑ በደንብ አውጪነቱ ተወሰነ፤ የፎርሙላ ዋን የንግድ መብት ግን ከ2011 ጀምሮ ለ100 ዓመት፣ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በጥቂት በሚበልጥ ክፍያ፣ ለበርኒ ኤክልስቶን ኩባንያዎች ተከራየ። የአሜሪካው ሊበርቲ ሚዲያ በ2017 ንግዱን ሲገዛ ዋጋው 8 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር። የመቶ ዓመት ኪራይ ውል የጻፈ ጠበቃ ምን እንደተከፈለው ባላውቅም ሲያንሰው ነው።

የዳኝነቱ ነገር ግን በዚህ አልተቋጨም። እ.ኤ.አ. በ2019 ከበጋው ዕረፍት በኋላ ፌራሪ በተከታታይ ሦስት ውድድሮችን አሸነፈ። ተፎካካሪዎቹ ሞተሩ ከደንብ ውጪ ነዳጅ ያገኛል ብለው ጠረጠሩ። ፌዴሬሽኑ መረመረ። የካቲት 28 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ ከፌራሪ ጋር በስምምነት መጨረሱንና የስምምነቱ ዝርዝርም በሁለቱ መካከል ብቻ እንደሚቆይ አስታወቀ። ሌሎች 7 ቡድኖች በጋራ ተቃወሙ። በዚያው ዓመት ፌራሪ በአምራቾች ደረጃ 6ኛ ሆነ።

ይህ ጸሐፊ ፌራሪ ጥፋተኛ ነበር አይልም፤ እንዲህ የሚል ውሳኔ ለሕዝብ አልቀረበምና። ቅሬታው ውሳኔው አለመቅረቡ ላይ ነው። ፍርድ በአደባባይ ይሰጣል የሚባለው ለተከሳሹ ሲባል ብቻ አይደለም። ደንቡን አክብሮ ለተሸነፈው ሲባልም ነው። ዳኛና ተከሳሽ በር ዘግተው የተስማሙበት ጉዳይ ለከሳሹ ፍትሕ፣ ለተመልካቹም ማስረጃ አይሆንም።

እንግዳን ለማስተናገድ የሚቀየር ደንብ

አምራቾች ወደ ውድድር ይመጣሉ፤ ሒሳቡ አልጥም ሲላቸው ደግሞ ይሄዳሉ። ፎርድ የጃክዋርን የፎርሙላ ዋን ቡድን በ2004 ለሬድ ቡል ሸጦ ወጣ። ሆንዳ በታኅሣሥ 2008 እ.ኤ.አ. የዓለም ገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ጥሎ ሄደ፤ ትቶት የሄደውን ቡድን ሮስ ብራውን ለስሙ ያህል በ1 ፓውንድ ገዝተው በቀጣዩ ዓመት ሁለቱንም የዓለም ዋንጫዎች ወሰዱ። ቢኤምደብልዩና ቶዮታ በ2009 ወጡ። ቶዮታ በ2002 ገብቶ ስምንት የውድድር ዓመታት አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ ነው የሄደው። ያ ሁሉ ሽንፈት ግን በአዲስ አበባ የአንዲት ቪትዝ ዋጋ እንኳ አልቀነሰም። የእኛ ሰው ቶዮታን የለካው በመለዋወጫ መገኘትና በጋራዥ ሒሳብ ነበር።

አምራቾቹ የሚሄዱ ከሆነ ደንብ አውጪው ምን ያደርጋል? እንዲመጡና እንዲቆዩ ደንቡን ያመቻቻል። ፎርሙላ ዋን እ.ኤ.አ. በ2014 ያስገባው 1.6 ሊትር ሞተር ከጭስ ማውጫው ሙቀት ኤሌክትሪክ የሚሠራ ክፍል ነበረው። መርሴዲስ በ2017 ከቤንዚኑ ጉልበት ከግማሽ በላይ የሆነውን ወደ ሥራ የሚቀይር ሞተር በፋብሪካው መለኪያ ላይ ማሳየቱን አስታወቀ። ይህ ለምህንድስና ትልቅ ቀን ነበር። ነገር ግን ክፍሉ ውድና ውስብስብ በመሆኑ አዲስ ገቢ አምራቾችን ያስፈራ ስለነበር ለ2026 በወጣው ደንብ ተሰረዘ። በምትኩ የኤሌክትሪኩ ሞተር ጉልበት ከ120 ወደ 350 ኪሎዋት ከፍ አለ። ኦዲ ለ2026 እንደሚገባ በ2022 አስታወቀ፤ ፎርድም ከሬድ ቡል ጋር ተመለሰ። ሬኖ በአንጻሩ በ2024 ሞተር መሥራቱን ለማቆም ወሰነ።

በደንብ ዝግጅት ላይ ባለጉዳዮችን ማማከር ነውር የለበትም። ማማከርና ማስወሰን ግን ይለያያሉ። ተፈታኙ «ይህ ጥያቄ ከበደኝ» ባለ ቁጥር ጥያቄው የሚወጣ ከሆነ፣ መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ሰርተፊኬት የተማሪውን ችሎታ ሳይሆን የፈታኙን ትሕትና ያሳያል።

በኤሌክትሪክ መኪናዎች ውድድር ላይ ይህ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ፎርሙላ ኢ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ቤይጂንግ ላይ ሲጀመር ባትሪው እስከ መጨረሻው ስለማያደርስ ተወዳዳሪው መሀል ላይ ወርዶ ሌላ መኪና ውስጥ ይገባ ነበር። እስከ 2018 ክረምት ድረስ እንዲህ ነበር። ይህ ጸሐፊ ይህን ያደንቃል። ድክመቱ በሕዝብ ፊት ታየ፤ በአዲሱ ባትሪ ሲሸነፍም በሕዝብ ፊት ታየ። ነገር ግን ወጪን ለመቀነስ ተብሎ ባትሪውን ለሁሉም ቡድን የሚያቀርበው አንድ ድርጅት ነው። ስለዚህ የትኛው ፋብሪካ የተሻለ ባትሪ እንዳለው ከዚህ ውድድር ማወቅ አይቻልም። የኤሌክትሪክ መኪና ገዢ እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ጥያቄ የባትሪ ጥያቄ ሆኖ ሳለ፣ ፈተናው ላይ የሌለው እሱው ነው።

ነጻ ፈታኝ ሲገኝ

ከዚሁ የውድድር ዓለም ግን ጥሩ ምሳሌም ወጥቷል። ግንቦት 1 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. አይርተን ሴና ኢሞላ ላይ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት የነበሩት፣ በሙያቸውም ጠበቃ የሆኑት ማክስ ሞዝሊ ስለ አደጋ የሚያጠና የባለሙያዎች ቡድን አቋቋሙ። ፊታቸውን ወደ ተራው መንገድም መለሱ። በ1997 የመጀመሪያ ውጤቱን ይፋ ያደረገው ዩሮ ኤንካፕ የተባለው ነጻ የግጭት ፈተና የመጀመሪያው ሊቀ መንበርም እሳቸው ነበሩ።

ፈታኞቹ የሠሩት ግልጽ ነው። አዳዲስ መኪናዎችን ከግንብ መሰል ነገር ጋር ማጋጨት፣ ውጤቱን በኮከብ መስጠት፣ ፎቶግራፉንም ለሕዝብ ማሳየት። አምራቾቹ ተቆጡ። ፈተናው ከመጠን በላይ ከባድ ነው፣ 4 ኮከብ ማግኘት አይቻልም አሉ። ብዙም ሳይቆይ ቮልቮ ኤስ 40 በዚያው በ1997 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. 4 ኮከብ አገኘ። 1 ኮከብ ያገኘው የእንግሊዙ ሮቨር 100 ደግሞ ገበያው ወደቀ፤ ምርቱም ቆመ። ያን ጊዜ አንድም አዲስ ሕግ አልወጣም፤ አንድም ሰው አልታሰረም። ለገዢው እውነተኛ መረጃ መሰጠቱ ብቻ ኢንዱስትሪውን አስገደደው።

«እኔ የማምነው ፋብሪካውን ነው፤ ነጻ ፈታኝ ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ለዚህ መልሱ ከቶዮታ ቤት ይገኛል። በቶዮታ ሥር ያለው ዳይሃትሱ የደኅንነት ምርመራዎችን ሲያዛባ መኖሩ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. በገለልተኛ ኮሚቴ ተረጋገጠ፤ የነካቸው ሞዴሎች 64 ነበሩ። በሰኔ 2024 ደግሞ ቶዮታ ራሱ ኮሮላ አክሲዮን፣ ኮሮላ ፊልደርንና ያሪስ ክሮስን ጨምሮ በአንዳንድ ሞዴሎች ምርመራ ላይ ደንብ እንዳልተከተለ አመነ። ሊቀ መንበሩ አኪዮ ቶዮዳ በአደባባይ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ኩባንያው መኪናዎቹን መንዳት አደጋ እንደሌለው ተናግሯል። ይሁን እንጂ አቶ ቶዮዳ ከፋብሪካ ባለቤቶች ሁሉ የውድድር ፍቅር የያዛቸው፣ ሞሪዞ በሚል ስም ራሳቸው የሚወዳደሩ ሰው ናቸው። የባለቤቱ ፍቅርም ሆነ የስሙ ክብር የነጻ ፈታኝን ቦታ እንደማይተካ ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

የፎርሙላ ዋን ውድድር ከሚካሄድባቸው ከተሞች ለአዲስ አበባ በከፍታ የሚቀርባት ሜክሲኮ ሲቲ ነች። ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ናቸው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ፣ ፍሬኑና ማቀዝቀዣው ሁሉ ይቸገራል፤ ሌላ ቦታ የሚያሸንፈው መኪና እዚያ ተራ ሊሆን ይችላል። ተርቦ የሌለው የቤንዚን መኪና በአዲስ አበባ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ የሚያህለውን ያጣል። ስለዚህ በጃፓን ወይም በጀርመን ሜዳ ላይ የተለካ ቁጥር ለእኛ ድሮም ሙሉ እውነት ሆኖ አያውቅም።

የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ በዚህ በኩል ለከተማችን የተፈጠረ ይመስላል። ቁልቁለት ላይ ባትሪውን መልሶ ይሞላል፤ የአየራችን መለስተኛነትም ለባትሪ ይመቻል። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ፣ ኤሌክትሪክ ግን ከውኃ ለምታመነጭ አገር ውሳኔው የራሱ አመክንዮ አለው። ክርክሩ ከዚህ ጋር አይደለም።

ክርክሩ ከወረቀቱ ጋር ነው። ሻጩ «አንዴ ሲሞላ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ሲል ለቻይና ገበያ የተሠሩት መኪናዎች ቁጥር የሚገኘው ከቻይናው የመለኪያ ዘዴ ነው። ይህ ዘዴ ከአውሮፓው ይልቅ ለአምራቹ ለጋስ ነው፤ ያው መኪና በአውሮፓው ሲለካ ቁጥሩ ያንሳል። በሁለቱም መለኪያ ውስጥ የእንጦጦ ዳገት የለም። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣል። ለዚያ መውጣት ብቻ፣ በሜዳ ላይ ከሚፈጀው ሌላ፣ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። ሲወርድ የተደሰተ ሹፌር ሲመለስ ቁጥሩ ዓይኑ እያየ ሲቀልጥ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። በከተማችን የምናየው ፎልክስቫገን አይዲ 6 ፋብሪካው ለቻይና ገበያ ያዘጋጀው መኪና ነው። እንዲህ ያለ መኪና በሦስተኛ ወገን በኩል ሲገባ የአምራቹ የባትሪ ዋስትና አብሮት ይመጣል ወይስ ወደብ ላይ ይቀራል? ስንቱ ገዢ ይህን ጠይቆ በጽሑፍ መልስ ይዟል? ለዓመታዊው ቦሎ የሚደረገው ምርመራም ፍሬንና መብራት ያያል እንጂ ባትሪው ከተባለው አቅም ስንቱ እንደቀረው አይነግርም።

ሕጉ ባዶ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ከደነገገ ዘመን ተቆጥሯል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። የጎደለው «ትክክለኛ» የሚለውን ቃል የሚለካው ሰው ነው። ፍርድ ቤት ቀርቦ «400 ብሎኝ 280 ሄደልኝ» የሚል ገዢ፣ 400 የተባለው በየትኛው መለኪያ እንደሆነ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ክሱ ከጅምሩ አንካሳ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ማንኛውም አስመጪ የሚያስተዋውቀው የርቀት ቁጥር በየትኛው የመለኪያ ዘዴ እንደተገኘ ከቁጥሩ ጎን እንዲጽፍ ይገደድ። ይህ አንድ መስመር ነው፤ ወጪ የለውም።

ሁለተኛ፣ የባትሪ ዋስትና ማን እንደሰጠው፣ ለስንት ዓመት እንደሆነና ባትሪው ከስንት በመቶ በታች ሲወርድ እንደሚሠራ በአማርኛ ተጽፎ ከሽያጭ ውሉ ጋር ይያያዝ። ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ሲሸጥም የባትሪው የቀረ አቅም ተለክቶ ይገለጽ። አለዚያ የነገው ደላላ እንደ ትናንቱ የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ጨዋታ አዲስ ጨዋታ ያገኛል።

ሦስተኛውና ዋናው፣ የራሳችን ፈተና ይኑረን። ከአዲስ አበባ አዳማ በፈጣን መንገዱ ደርሶ መልስ፣ እንጦጦን መውጣት፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ከሜክሲኮ እስከ መገናኛ፣ በብርድ ወቅት ደግሞ ደብረ ብርሃን። በገበያ ላይ በብዛት ያሉትን ሞዴሎች በእነዚህ መንገዶች ነድቶ የፈጁትን መዝግቦ በየዓመቱ በጋዜጣ ማውጣት ነው። ሥራው ለአምስት ኪሎ የምህንድስና መምህራንና ተማሪዎች ቢሰጥ ይችሉታል። መኪናው ከአስመጪው በስጦታ ወይም በውሰት ሳይሆን እንደማንኛውም ገዢ ከገበያ ወይም ከባለቤቶች ይገኝ። ገንዘቡም ከአስመጪዎች ኪስ በቀጥታ አይምጣ። ውጤቱ ማንም ሳያርመው ይታተም።

ደሃ አገር ይህን ሁሉ ከየት ታመጣዋለች የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ፎልክስቫገንን የሚያህል ኩባንያ የተጋለጠው በጥቂት የዩኒቨርሲቲ ሰዎችና በአንድ ተንቀሳቃሽ መለኪያ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ውድ የሚሆነው አለመፈተን ነው። በውጭ ምንዛሪ የገባ፣ ባለቤቱ የዓመታት ላቡን የከፈለበት መኪና ባትሪው ያለ ጊዜው ደክሞ ግቢ ውስጥ ሲቆም፣ ኪሳራው የአንድ ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን የአገርም ነው። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሚኖረን እምነትም አብሮ ይቆማል።

እሁድ ያሸነፈውን እሁድ እናጨብጭብለት። ሰኞ መኪና መሸጫው ስንገባ ግን ወረቀቱን አንሥተን «ይህን ማን ለካው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ «ፋብሪካው ራሱ» ከሆነ ገና ማስረጃ አልቀረበልንም።